ደቻቱ ቀን አይቆጥርም

አባቴ የባቡር ጸሐፊ ነበረ፣
ቀይና ሰማያዊ ቀለም እያጠቀሰ ከዚራ የኖረ።
አራት ዓምድ ነው መዝገቡ፦ “መነሻ”፣ “መድረሻ”፣
“የዘገየበት ሰዓት”፣ በስተመጨረሻ
“የመዘግየት ምክንያት”።
እዚያች ላይ ሲደርስ ነው የእጅ ጽሑፉ የሚያምርበት፦
ግመል ሐዲድ ላይ ተኝታ። አሸዋ። የአይሻ ነፋስ።
ሞተሩ ትኩሳት ይዞት፣ ውኃ እስኪጠጣ ድረስ።
“ያለ ምክንያት የዘገየ የለም” ይለኝ ነበር፣
“ያልጠየቅነው እንጂ።” ያን ብሎ መነጽሩን ሲወለውል ያድር።

እሱ ሲሞት ሐዲዱም ዝጎ ነበር፤ መዝገቡ ለእኔ ደረሰኝ።
ግማሹ ባዶ ነው። ወረቀት ማባከን አልወድም፤ የእሱ ልጅ ነኝ።

የራሴን ባቡር መመዝገብ ጀመርኩ፤
መስከረም ሁለት ደረሰ። ጥቅምትን ሙሉ ጠበቅኩ።
ኅዳር ሃያ ስድስት፣ በሌሊት፣ ፋብሪካው ውስጥ፣ ከማሽን ሥር፣
ያለ ፉጨት ከተፍ አለ፤ የነኢማ ሻሽ ወገቤ ላይ ሲታሰር።
ታኅሣሥ የለም። ጥር የለም።
የካቲት ላይ፣ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ፣ ሁለት ጊዜ ደም።

ድሬ ተወልጄ፣
ውኃ የሌለበትን ወንዝ በእግሬ አቋርጬ ሄጄ፣
እንዴት ይጠፋኛል? ሰማዩ እዚህ ጥርት ብሎ ሳለ
ተራራው ላይ ይዘንባል፤ ወንዙ በሌሊት “መጣሁ” አለ።
ደቻቱ ቀን አይቆጥርም።
ግን የሆነ ቦታ ሳይዘንብ፣ ወንዝ ብቻውን አይሰክርም።

ቀፊራ ገባሁ። አዴ መይሙና ከቅመም ክምሯ ኋላ
ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ እንደሚለቀም ባቄላ።
“አብሽ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ” አልኳት በሹክሹክታ፣
“ወሬ ጠፍቶብኝ ነው፣ አዴ።”
“አቦ! ጮክ በይ፣ የምን ሐሜታ!
የገዛ ደምሽን ሰረቅሽ?”
ዝንጅብሉን መዘነች፤ አብሹን ግን እፍኟ ውስጥ አቆየችው፤
“እህልስ ትበያለሽ? የሌሊት ፈረቃውስ ስንት ወር ሆነው?”

ምን ልበላት? ሌሊት ጫት፣ ማለዳ ሻይ፣ ቀን ደግሞ ቆርቆሮ
እንደ ዳቦ ሲያበስለኝ፣ እንቅልፍ ከየት መጥቶ፣ በየትኛው ኑሮ?
አባቴ ከሞተ ብቻዬን አልበላም፤ ብቻዬን ነኝ ደግሞ።
ሰሐኔ መደርደሪያው ላይ ከርሟል፣ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ታምሞ።

“አብሽ ሆድ ያለዝባል እንጂ እንቅልፍ አይተካም፣ ልጄ፤
መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ፣ ከዚያ ነይ ወደ ደጄ።”

ሳቢያን ጤና ጣቢያ ሲስተር ኢፍራሕ ደሜን ቀዳች፤
ስለ እርግዝና፣ ስለ እንቅርት፣ ስለ አገጬ ፀጉር ሳይቀር ጠየቀች።
“ደምሽ አንሷል። ምስር ብዪ፣ ጎመን፣ ሎሚ ጨምቂበት።
ፈረቃሽን አስቀይሪ። ሦስት ወር እንይ። ካልሆነ አልትራሳውንድ፤ አንቆይበት።”

አለቃዬን ለምኜ ቀን ገባሁ። ጫቱን ቀነስኩ፤ አልዋሽም፣ አልተውኩም።
ሲመሽ ከለገሀር ወዲያ በእግሬ እሄዳለሁ፤ አልሮጥኩም።
ከነኢማ ጋር አንድ ትሪ ላይ ምስር እንበላለን፤
የአዴን አብሽ ብጠጣ፣ ላቤ ሳይቀር አብሽ አብሽ ሸትቶ አሳቀን።

አንድ ማታ ወደ ኋላ ስገልጥ፣ ወደ አባቴ ዘመን፣
ከባቡር ቁጥሮቹ ጠርዝ፣ በእርሳስ የተሣለ አየሁ፤ ምን?
ትንሽ አበባ።
አምስት ቅጠል፣ በማስመሪያ የተሠራች፣ ለዓይን የማትረባ።
ከሃያ ቀን በኋላ አበባ። ከሃምሳ ቀን በኋላ ሌላ።
ምክንያቷ ባዶ። ደግሞ አበባ፣ ከሰባ ቀን ኋላ።
የእናቴ ናት።
እናቴ ያልነገረችኝ፣ እኔም ያልጠየቅኳት።
እሱ ግን፣ ያ ዝምተኛ፣ ከጅቡቲው ባቡር ጎን
እየቆጠረላት ነበር፤ ስንት ዓመት? ሰባት ይሆን?
ከዚያ አበባዋ ቀረች። ገጽ ብገልጥ፣ ገጽ ብገልጥ፣ የለም።
ወራት አልፈው፣ “መድረሻ” ከሚለው ሥር፣ በቀይ ቀለም፣
ስሜ።

ዛሬ ሐምሌ ሰባት ነው። መጣ፤ አራት ቀን ዘግይቷል። ወገቤን ይዣለሁ፣ ተጋድሜ።
እርሳስ አጣሁ። በኩል ሣልኳት፤ ተጣማለች፣ አራት ቅጠል ናት።
ምክንያቱን ነገ እሞላለሁ። ነኢማ እየጠራችኝ ነው፣ ምስሩ ሳይቀዘቅዝባት።